ይህ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው? በመዝገብ ስላልሰፈሩ የአሮጌ ትንንሽ አውሮፕላኖች ለውጦች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ አሮጌ ትንንሽ አውሮፕላን ለያዛችሁና ለምታበሩ፣ ለምትጠግኑ፣ ጥገናውን አይታችሁ ለምትፈርሙ፣ መዝገቡን ለምትጠብቁ ባለሥልጣናት ሁሉ

ጉዳዩ፦ ማን እንደዘረጋቸው የማይታወቁ ሽቦዎችንና ያልተመዘገቡ ለውጦችን ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ብዙውን የሥራ ሰዓቴን የማሳልፈው በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ከመሪው ሥር አስገብቼ፣ የእጅ ባትሪ በአፌ ነክሼ ነው። እዚያ የማየውን ባለቤቱ አያየውም። አብራሪውም አያየውም። ከፊት ሲታይ የመሣሪያ ሰሌዳው ያምራል። አዲስ ስክሪን ገብቶለታል፤ ቀለሙም ታድሷል። ከኋላው ግን በሃምሳ ዓመት ውስጥ ብዙ እጆች የጨመሩት፣ የቀነሱት፣ ጀምረው የተዉት ሁሉ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠላልፎ ተቀምጧል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ጎጆ ነው። የምለምናችሁ ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ሴስና 172 መመረት የጀመረው በ1956 ነው (ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የፓይፐር ቼሮኪ ቤተሰብ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሴስና በ1986 ባለአንድ ሞተር የፒስተን አውሮፕላኖቹን ማምረት አቆመ። እንደገና የጀመረው አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። እያንዳንዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። እያንዳንዱ ባለቤት ደግሞ የዘመኑን መሣሪያ አስገጥሞበታል።

ዘመኑ ያልፋል። ሎራን-ሲ የተባለው የአቅጣጫ መፈለጊያ በአንድ ወቅት በየአውሮፕላኑ ይገጠም ነበር። አሜሪካ በ2010 ጣቢያዎቹን ዘጋች። በ121.5 ሜጋኸርዝ የሚጮሁትን የድሮ የአደጋ ጊዜ መጠቆሚያዎች ደግሞ ሳተላይቶች ከየካቲት 1 ቀን 2009 ጀምሮ መስማት አቆሙ። መሣሪያዎቹ ተነስተው ተጣሉ። ሽቦዎቹስ? መሣሪያ ማንሳት ሁለትና ሦስት ቡሎን መፍታት ነው። ሽቦውን ማውጣት ግን ወንበር ማንሳት፣ ጣሪያውን ማውረድ፣ ግድግዳውን መፍታት ይጠይቃል። ለዚያ ሰዓት የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጫፉ በናስትሮ ይጠቀለልና ወደ ኋላ ይገፋል። ናስትሮው በሙቀት ይለቃል፤ ሙጫው ይቀልጣል። ከዓመታት በኋላ እኔ ስደርስ የማገኘው ባዶ ጫፍ ነው። አንዳንዴም ኃይል ያለበት ባዶ ጫፍ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

አንድ ባለአራት መቀመጫ አውሮፕላን መጣልኝ። ባለቤቱ ከገዛው ገና ወራት ነው። ሬዲዮ እንድቀይርለትና በዚያው የማይሠሩትን ነገሮች እንዳጸዳለት ነው የፈለገው። ከሰሌዳው ሥር በግራ በኩል አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ጽሑፍ የላትም። "ይቺ ምንም አትሠራም፤ ነክቻትም አላውቅ። አውጣልኝ" አለኝ። የሸጠለት ሰውም እንዲሁ ነበር ያለው።

ባትሪውን ፈታሁ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) ከአውሮፕላኑ አካል ጋር አድርጌ የማብሪያዋን ሁለት እግሮች ነካሁ። ሁለቱም ጋ ጢጥ አለ። ማብሪያዋን ገለበጥኳት። አሁንም ሁለቱም ጋ ጢጥ አለ። ማሳ ነው ማለት ነው፤ ከአውሮፕላኑ የብረት አካል ጋር የተገናኘ። ኃይል የሌለበት፣ ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄድ፣ ትርጉም የለሽ ሽቦ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፒንሳውን ይዞ ቀረበ።

ያቆመኝ አንድ ነገር ነው። ወደ ማብሪያዋ ከሚመጡት ሽቦዎች ሁለቱ ሺልድ ያላቸው ነበሩ፤ በሽቦ መረብ የተሸፈኑ። ተራ የማሳ ሽቦን መረብ የሚያለብስ ሰው የለም። ስለዚህ በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከሰሌዳው ኋላ፣ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ቀዳዳ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ገባ። መጨረሻው የግራው ማግኔቶ ላይ ነው።

አብራሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ ግን ላስረዳ። ማግኔቶ በፒስተን ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ ብልጭታውን ለመፍጠር ባትሪ አይፈልግም። ሞተሩ ሲዞር ራሱ ያመነጫል። የሚጠፋውም ኃይል ስለተቋረጠበት አይደለም፤ ከማሳ ጋር ስለተገናኘ ነው። ቁልፉን ኦፍ ላይ ስታደርጉ፣ ፒ-ሊድ የምንለው ሽቦ ማግኔቶውን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ያገናኘዋል። ብልጭታው የሚሞተው ያኔ ነው። ፒ-ሊዱ ከተቆረጠ ቁልፉ ኦፍ ቢልም ማግኔቶው በሕይወት አለ። ፕሮፔለሩን በእጁ ገፋ የሚያደርግ ሰው ሞተሩ ሊነሳበት ይችላል። ክንድና ነፍስ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

አንድ ሰው፣ በአንድ ወቅት፣ ሌባ ፈርቶ ይመስለኛል፣ ዋናውን ፒ-ሊድ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች በዚያች ማብሪያ አንድ እግር ላይ አገናኝቷቸዋል። ሌላውን እግር ማሳ አደረገው። ማብሪያዋ ስትጫን የግራው ማግኔቶ እንዲሞት ነው። ሐሳቡ ገብቶኛል። ግን ማብሪያዋን ከነሽቦዋ ብናወጣት ኖሮ ፒ-ሊዱ ይከፈት ነበር።

ቴስተሩ ለምን ዋሸኝ? አልዋሸኝም። ቁልፉ ኦፍ ላይ ስለነበር ሽቦው በእርግጥም ከማሳ ጋር ተገናኝቷል። ቁልፉ ኦን ላይ ቢሆንም ኖሮ ብዙ ለውጥ አላይም ነበር። የማግኔቶው የመጀመሪያ የሽቦ ጥቅል የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኦም ያነሰ ነው። ተራ ቴስተር ያንን ከማሳ አይለየውም። ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ የነገረኝ መረቡና ጣቴ ነው።

የጥገና መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ማብሪያዋ አንዲት መስመር የለም። በየዓመቱ ምርመራ ተደርጓል። በየዓመቱ ተፈርሟል። ያቺ ማብሪያ ግን እዚያው ዓይን ሥር ነበረች። ይህን ስጽፍ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ምርመራውን ያደረጉትን ሰዎች አላውቃቸውም። ግን ልቤ አዝኗል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጻፍ ኖሮ ያ ልጅ ፒንሳ ይዞ አይቀርብም ነበር።

ያን ቀን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የማይታወቅ ሽቦን ቮልት ስለሌለው ብቻ ሞቷል አትበሉ። ሁለቱን ጫፎች በዓይናችሁ ሳታዩ አትቁረጡ። አንዱን ጫፍ ብቻ ካገኛችሁ ሽቦውን አላወቃችሁትም። ለዛሬ ጊዜ ከሌላችሁ ጫፉን በሚገባ ሸፍኑት፣ እሰሩት፣ "ያልታወቀ" ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ መዝገብ ላይም ጻፉት። እንደዚያ ተጽፎ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጻፈውን ሰው በልቤ አመስግኜዋለሁ።

ፍለጋው ከወረቀት ነው የሚጀምረው። ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት የአምራቹን የሽቦ ንድፍ አውጡ። ለአውሮፕላኑ ሞዴል ብቻ አይበቃም፤ ለተከታታይ ቁጥሩም ትክክለኛው መሆን አለበት፤ በአንድ ዓመት ምርት መሃል ንድፍ ይቀየራል። ሴስና 172 በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ14 ቮልት ወደ 28 ቮልት ሥርዓት ተሻግሯል። ይህን ያላየ ሰው ገና ከመነሻው ይሳሳታል። ከዚያ የመሣሪያ ዝርዝሩንና የክብደት መዝገቡን ከጥገና መዝገቡ ጋር አስተያዩ። ሰሌዳው ላይ ያለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር አለ? ዝርዝሩ ውስጥ ያለ፣ ሰሌዳው ላይ የሌለ ነገርስ? ሽቦ የሚገኘው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

አሜሪካ የተመዘገበ ወይም ተመዝግቦ የነበረ አውሮፕላን ከሆነ ሌላም በር አለ። እዚያ ትልቅ ለውጥ ወይም ትልቅ ጥገና ሲደረግ ፎርም 337 ይሞላል። አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሌላው ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መዝገብ ክፍል ይላካል። የአውሮፕላኑን ሙሉ ፋይል ከዚያ ማስመጣት ይቻላል። የባለቤቱ መዝገብ ቢጠፋ እንኳ እነዚያ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። አውሮፕላን ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች ሆይ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አስመጡት። ከገዛችሁ በኋላ ስታነቡት ያንገበግባችኋል።

ሽቦው ራሱም ይናገራል። ላዩ ላይ ትንንሽ ጽሑፍ አለ፤ አጉሊ መነጽር ያዙ። የስፔሲፊኬሽን ቁጥሩንና ውፍረቱን ታገኛላችሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከፋብሪካ የወጣ አውሮፕላን ላይ ነጭ፣ ለስላሳ የቴፍዘል (አዲስ ዓይነት የፕላስቲክ ልባስ ያለው) ሽቦ ካያችሁ፣ ያ ሽቦ ከጊዜ በኋላ የገባ ነው። በአንፃሩ የድሮው የፒቪሲ ልባስ ይደርቃል፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል። የመኪና ሽቦም አግኝቻለሁ፤ የቤት መብራት ሽቦም። በሊድ (በሚቀልጥ የብየዳ ብረት) የተበየዱ መቀጠያዎች ሁሌም ያሳስቡኛል። ሊዱ የገባበት የሽቦው ክፍል ይደነድናል፤ በንዝረት ብዛት ልክ ጠርዙ ላይ ይሰበራል። 43.13-1ቢ የሚባለው የአሜሪካኖቹ የጥገና መመሪያ በሁለት ማያያዣዎች መካከል ባለ አንድ ሽቦ ላይ ከአንድ በላይ መቀጠያ እንዳይኖር ይላል። እኔ በአንድ ክንድ ርዝመት ውስጥ ሦስት ቆጥሬያለሁ።

ብሬከሮቹንም ተመልከቱ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። በዚያው መመሪያ (የሽቦው ቁጥር ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል) ቁጥር 22 ሽቦ 5 አምፒር፣ ቁጥር 20 ሽቦ 7.5፣ ቁጥር 18 ሽቦ 10 አምፒር ብሬከር ይገባዋል። አንድ ሰው የጨመረው ቀጭን ሽቦ ባለ 15 አምፒር ብሬከር ላይ ተደርቦ ካገኛችሁት፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል።

ማስተር ስዊች (ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ጠፍቷል ማለት ሁሉም ጠፍቷል ማለት አይደለም። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ሰዓቱና የመግቢያ መብራቱ በቀጥታ ከባትሪው በፊውዝ ይመጣሉ፤ ፋብሪካው ራሱ ነው እንደዚያ የሠራው። ሰዎች ይህን ያውቁና ሌላ ነገር ይደርቡበታል፤ አንዳንዴም ያለ ፊውዝ። ባትሪ በየሳምንቱ እየወረደ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ እዚያ ጀምሩ። በክንፍ ጫፍ ላሉት ብልጭ ድርግም ለሚሉ መብራቶች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኃይል ሳጥናቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያከማቻል። ካጠፋችሁት በኋላም ለደቂቃዎች ይቆያል። ታገሱ።

መንገዱም አንድ ምስክር ነው። ፋብሪካ የዘረጋው ሽቦ በሥርዓት ታስሮ ከእሽጉ ጋር ይሄዳል። በኋላ የመጣው አቋራጭ ይፈልጋል። በነዳጅ ቱቦ ላይ ተደግፎ፣ የመሪ ገመድ አጠገብ ተንጠልጥሎ፣ በሹል የአሉሚኒየም ጠርዝ ላይ አልፎ ታገኙታላችሁ። መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ወደ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ ከሥር ሌላ ሰው ይመልከት። አንዴ ሽቦ መሪው ሲሳብ ብቻ ሲወጠር አይቻለሁ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሲታይ ምንም አይታወቅም።

ስለ ሽቦ ብቻ ያወራሁ እንዳይመስላችሁ። ያልተጻፈ ለውጥ ክብደትንም ይነካል፤ ኮምፓስንም ያሳስታል፤ ጄኔሬተሩ ከሚችለው በላይ ጭነት ይደርባል። ለዛሬ ግን ሽቦው ይበቃኛል።

አንዳንዶቻችሁ "ይህ ሁሉ ለትንሽ አውሮፕላን?" ትሉ ይሆናል። የትልቁን ላስታውሳችሁ። መስከረም 2 ቀን 1998 የስዊስኤር በረራ 111 ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ 229 ሰዎች ሞቱ። የካናዳው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከጣሪያው በላይ በተነሳ እሳት መሆኑን አገኘ። በኋላ ከተጨመረው የመንገደኞች መዝናኛ ሥርዓት ሽቦዎች አንዱ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ጉዳት ነበር። ቦርዱ ያ ሽቦ ብቻውን መነሻ ነው ብሎ አልደመደመም። አንድ ሌላ ነገር ግን ግልጽ ነበር። ያ ሥርዓት ኃይል የሚያገኘው አብራሪዎቹ በጭስ ጊዜ የካቢኑን ኤሌክትሪክ በሚያጠፉበት ማብሪያ በማይቋረጥ መስመር ነበር። ያ ሥራ ፈቃድም ወረቀትም ነበረው። ወረቀት ያለው እንዲህ ከሆነ ወረቀት የሌለውን አስቡት። ትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ጭሱ የሚሞላው ካቢን የአንድ መኪና ያህል ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው።

ባለቤቶች፦ መካኒኩ "ይህን ሽቦ ለመከተል ሁለት ቀን እፈልጋለሁ" ሲላችሁ አትቆጡ። ሰሌዳው ለሌላ ሥራ በተከፈተ ቁጥር የሞቱትን ሽቦዎች አስወጡ። ከፍቶ መዝጋቱን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል። ከተከፈተ ደግሞ ፎቶ አንሱ፤ ብዙ አንሱ። የተገኘው ሁሉ የሰፈረበት አንድ ንድፍ ይኑራችሁ፤ በእጅ የተሳለ ቢሆንም ግድ የለም። ስትሸጡ ከመዝገቡ ጋር አስረክቡት።

የሙያ ባልደረቦቼ፦ "ሬዲዮ ተቀየረ" ብላችሁ አትፈርሙ። የትኛው ወጣ? የትኛው ገባ? ከየትኛው ብሬከር? የቀረው ሽቦ የት ታሰረ? በሁለቱም ጫፍ ምልክት አድርጉ። ዓመታዊ ምርመራ ስታደርጉም ስም የሌለውን ማብሪያ አይታችሁ አትለፉ።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚከብደኝን ልጻፍ። ከእናንተ መካከል ከዓመታት በፊት አንድ ነገር ጨምራችሁ ያልጻፋችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። ባለቤቱ ለምኗችሁ ይሆናል፤ ቅዳሜ ማታ ቸኩላችሁ ይሆናል። ሆድ ይፍጀው ብላችሁ ትታችሁታል። አውሮፕላኑ ግን ዛሬም ይበራል። የት እንዳለ ካወቃችሁ ለባለቤቱ ደውሉ። ሽቦው የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ ብቻ ንገሩት።

ባለሥልጣናት፦ ያ ስልክ እንዲደወል በር ክፈቱ። ዛሬ አንድ ባለቤት ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራ ያልተመዘገበ ለውጥ አግኝቶ ቢናገር አውሮፕላኑ እንዳይታገድበት ይፈራል። መካኒኩም ፈቃዴን እነጠቃለሁ ይላል። ሁለቱም ፈርተው ክዳኑን መልሰው ይዘጉታል። እኛ ሙያ ውስጥ መናገርን ቅጣት እንዳይከተለው ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደህንነት ሪፖርት ሥርዓት ከ1976 ጀምሮ አለ። ሳያውቅ ደንብ የጣሰ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ ካሳወቀ ከቅጣት ሊድን ይችላል። በአውሮፓም ከ2015 ጀምሮ ለቀላል ለውጦች ሲኤስ-ስታን የተባለ አጭር መንገድ ተሠርቷል፤ ከትልቁ የፈቃድ ሂደት ውጭ ሠርቶ፣ መዝግቦ፣ ፈርሞ መጨረስ ይቻላል። ለቆዩ፣ ለተገኙና በፈቃደኝነት ለተነገሩ ለውጦችም እንዲህ ያለ መንገድ አብጁ። አደገኛው ይውጣ። ደህናው ተፈትሾ ይመዝገብ። ያገኘውና የተናገረው ሰው አይቀጣ።

ያቺን ማብሪያ አውጥተናታል። ፒ-ሊዱን ከማግኔቶው እስከ ቁልፉ በአንድ ሙሉ ሽቦ ቀየርነው። ሞተሩ ሲነሳ በግራም በቀኝም ማግኔቶ ሞከርነው፤ ዙሩ እንደሚገባው ትንሽ ዝቅ አለ። ቁልፉ ኦፍ ላይ ሲሆንም ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ መዝገቡን አወጣሁና ምን እንዳገኘን፣ ከየት እስከ የት እንደነበር፣ ምን እንዳደረግን ጻፍኩ። ፒንሳ ይዞ የነበረው ልጅ አጠገቤ ቆሞ ያነብ ነበር። ስሜን ከመፈረሜ በፊት "የማብሪያዋን ቦታም ጻፈው፤ ቀዳዳው ሰሌዳው ላይ ቀርቷል" አለኝ። ጻፍኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ